ስክሪኑ ጠፋ ማለት ኮረንቲው ቆመ ማለት አይደለም፦ በሽቦ የተገጠመ ናቪጌተር ባትሪ እንዳይጨርስ

የናቪጌተርን ገመድ ከሲጋር ላይተር ነቅሎ፣ ሽቦውን በዳሽቦርዱ ጀርባ አሳልፎ ከመኪናው መስመር ጋር ማያያዝ ንጹሕ ሥራ ነው። የሚንጠለጠል ነገር አይኖርም፣ መሰኪያውም ለሌላ አገልግሎት ይተርፋል። ችግሩ የሚታየው መኪናው ሦስት አራት ቀን ሲቆም ነው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ቀጭ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ባትሪው ተሞልቶ፣ አንዳንዴም ተቀይሮ፣ በሳምንቱ ያው ይደገማል። ናቪጌተር በሽቦ የተገጠመበት መኪና እንዲህ ካደረገ ባትሪውን ወይም ዲናሞውን ከመጠርጠር በፊት መጠየቅ ያለበት የናቪጌተሩ ፖዘቲቭ ሽቦ ከየት እንደተያዘ ነው።

በብዛት የሚገኘው መልስ ሁልጊዜ ኮረንቲ ካለው መስመር ነው። ገጣሚው የቀረበውን ሽቦ ይይዛል፣ መሣሪያው ይበራል፣ ሥራው አለቀ ይባላል። ሹፌሩም ሲወርድ ስክሪኑን ያጠፋና የጠፋ ይመስለዋል። ስክሪኑ ግን ከሚበላው ነገር አንዱ ብቻ ነው። ስክሪኑ ሲጨልም መሣሪያው ብዙውን ጊዜ ወደ እንቅልፍ ይገባል እንጂ አይጠፋም። በውስጡ ያለውን ትንሽ ሊቲየም ባትሪ ይሞላል፣ የቁልፉን መጫን ይጠብቃል። ከእሱ በፊት ደግሞ 12 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው ኮንቨርተር አለ፤ ይህ ጫፉ ላይ ምንም ባይሰካበት እንኳ ራሱን ለማንቀሳቀስ ጥቂት ሚሊአምፔር ይወስዳል። ርካሽ ከሆነና የበራ መሆኑን የምታሳይ ትንሽ መብራት ካለችበት ከ10 እስከ 20 ሚሊአምፔር መውሰዱ የተለመደ ነው። ናቪጌተሩን ከመስታወቱ ነቅሎ ቤት የወሰደ ሰው ራሱ ይህችን ከመክፈል አይድንም።

ቁጥሩን እናስላው። ስክሪኑ በርቶ መንገድ የሚያሳይ ናቪጌተር በ5 ቮልት 1 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ይህ 5 ዋት ነው። ኮንቨርተሩ ጥቂቱን በሙቀት ስለሚያባክን ከባትሪው የሚወጣው ወደ 6 ዋት ይጠጋል፤ ለ12.5 ቮልት ሲካፈል 0.48 አምፔር። በ24 ሰዓት 11.5 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ለመጨረስ ሁለት ቀን ተኩል ይበቃዋል። ይህ መሣሪያው ጨርሶ ሳይተኛ ሲቀር የሚሆነው ነው፣ መንስኤውም ቶሎ ይታወቃል።

ለማግኘት የሚከብደው ተኝቶ የሚበላው ነው። መኪናው ራሱ ለሰዓት፣ ለማንቂያ ደወልና ለኮምፒውተሮቹ 30 ሚሊአምፔር ይወስዳል እንበል፤ ጤነኛ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ50 በታች ነው። በ30 ሚሊአምፔር በቀን 0.72 አምፔር ሰዓት ይወጣል፤ የዚያው ባትሪ ግማሽ ለ41 ቀን ይዘልቃል። የተኛው ናቪጌተርና ኮንቨርተሩ ተደምረው 40 ሚሊአምፔር ቢጨምሩ ድምሩ 70 ይሆናል፣ በቀን 1.68፣ ግማሹ በ18 ቀን ያልቃል። ያረጀ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ ላዩ ላይ 60 ተጽፎ በውስጡ 35 ብቻ የቀረው፣ ከሩብ በላይ ከወረደም ሞተር ማስነሳት የሚያቅተው ባትሪ፣ በዚሁ 70 ሚሊአምፔር በአምስት ቀን ይተኛል። ያው ገጠማ አንዱ መኪና ላይ ምንም ሳይል ሌላውን በየሳምንቱ የሚያቆመው ለዚህ ነው።

ጉዳቱ በአንድ ጠዋት አለመነሳት ብቻ አያበቃም። የመኪና ባትሪ የተሠራው በአንድ ጊዜ ብዙ አምፔር ለሞተሪኖው ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው። ባዶውን ሲቆይ ሳህኖቹ ላይ የሚፈጠረው የእርሳስ ሰልፌት ወደ ጠንካራ ክሪስታል ይለወጣል፤ የደነደነው ክፍል ደግሞ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም ተመልሶ አይሟሟም። ባትሪው ሁለት ሦስት ጊዜ ጨርሶ ከወረደ ጉልበቱ የቀድሞው አይሆንም። ስለዚህ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት የሚበላውን ማግኘት ይቀድማል፤ ያለዚያ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ፖዘቲቩን ከየት መያዝ

እኔ የምከተለው ደንብ አንድ ነው፤ መሣሪያው ራሱን ያጠፋል ብሎ አለመታመን፣ ኮረንቲውን ከኮንቨርተሩ በፊት በመኪናው ቁልፍ መቁረጥ። ማብሪያ ማጥፊያው ከኮንቨርተሩ በኋላ፣ በ5 ቮልቱ በኩል ከተቀመጠ ኮንቨርተሩ ሌሊቱን ሁሉ ሲበላ ያድራል። በእጅ የሚጫን ማብሪያም አልመክርም፤ ይረሳል።

መኪናው ውስጥ ሦስት ዓይነት መስመር አለ። ቁልፉ በኪስ ሆኖ እንኳ 12 ቮልት የሚያሳየው ቀጥታ መስመር ነው። ቁልፉ ወደ አክሰሰሪ ሲዞር፣ ማለትም ሬዲዮ በሚሠራበት ቦታ ላይ፣ የሚነሳው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ቁልፉ እስከ መጨረሻው የማብሪያ ደረጃ ሲደርስ ብቻ የሚነሳው ነው። ለናቪጌተር የአክሰሰሪው ይመቻል። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ሞተር ሲነሳ በብዙ መኪኖች የአክሰሰሪው መስመር ለአፍታ ይቋረጣል። የራሱ ባትሪ ያለው ናቪጌተር ይህን አይቆጥረውም፤ የውስጥ ባትሪው የሞተበት ግን በእያንዳንዱ ማስነሳት ጠፍቶ ይነሳል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከሦስተኛው መስመር ቢያዝ ይሻላል፣ ያኛው በአብዛኛው ሞተሪኖው ሲዞርም አይቋረጥም። ቮልቴጁ ግን በዚያች ሰከንድ ወደ 9 ወይም 10 ሊወርድ ስለሚችል ኮንቨርተሩ ከ9 እስከ 36 ቮልት የሚቀበል ይሁን። ይህ ዓይነቱ 24 ቮልት ባላቸው የጭነት መኪኖችም ይሠራል፣ በመስመሩ ላይ የሚመጣ ድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይንም የተሻለ ይችላል።

መስመሩን ለማግኘት መልቲሜትሩን (የኮረንቲ መለኪያውን) ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ፣ ጥቁሩን ጫፍ ከባዶ የመኪና ብረት፣ ቀዩን ከፊውዙ ጀርባ ላይ ከሚታዩት ሁለት የብረት ነጥቦች በአንዱ። ቁልፉ ጠፍቶ፣ ከዚያ በአክሰሰሪ፣ ከዚያ በርቶ እየለኩ መጻፍ ነው። በዚህ ቦታ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በአዳዲስ መኪኖች ቁልፉ ወጥቶም መስመሩ ወዲያው አይሞትም፤ በር እስኪከፈት ወይም መኪናው ተቆልፎ አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም ሠላሳ ደቂቃ እስኪያልፍ ኮምፒውተሩ ይዞት ይቆያል። ቁልፉን አውጥቶ ወዲያው የለካ ሰው ጥሩውን መስመር ቀጥታ ነው ብሎ ይጥለዋል። ተቃራኒውም ይከሰታል፤ ቁልፍ ሲወጣ የጠፋ መስመር በር ሲከፈት ይነቃል። ስለዚህ የመረጣችሁትን ፊውዝ መኪናው ተቆልፎ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ድጋሚ ለኩት። መለኪያው 0 ካላለ ሌላ ፈልጉ።

ተስማሚዎቹ የሬዲዮ፣ የሲጋር ላይተር (በቁልፍ የሚጠፋ ከሆነ)፣ የኋላ መጥረጊያ፣ የወንበር ማሞቂያ ፊውዞች ናቸው። ከኤርባግ፣ ከኤቢኤስ፣ ከሞተሩ ኮምፒውተርና ከነዳጅ ፓምፕ መስመር ግን ፈጽሞ አይያዝ። አንድ የላላ ግንኙነት በእነዚያ ላይ የሚያመጣው መዘዝ ከባትሪ ማለቅ ጋር አይወዳደርም። መሪው ሥር ካለው የመመርመሪያ መሰኪያ፣ ኦቢዲ ከሚባለው፣ ኮረንቲ የሚወስዱ ገመዶችም ይሸጣሉ። የዚያ መሰኪያ 16ኛ ፒን ሁልጊዜ ኮረንቲ አለው፣ ቁልፍ አያጠፋውም። ከመረጃ ሽቦዎቹ ጋር የሚነጋገር መሣሪያ ከሆነ ደግሞ የመኪናውን ኮምፒውተሮች እንዳይተኙ ሊያደርግ ይችላል፤ ያኔ የሚወጣው በሚሊአምፔር ሳይሆን በአምፔር ይቆጠራል።

ፊውዝ ታፕና ማሰሪያው

ሽቦ መላጥና መጠቅለል አያስፈልግም። ከነባሩ ፊውዝ ጎን ሁለተኛ ፊውዝ የሚይዝ ፊውዝ ታፕ የሚባል ማገናኛ አለ። የሚገዛው ነባሩ ፊውዝ ባለው መጠን ልክ ነው፤ ስታንዳርዱ፣ ሚኒው፣ አጭሩ ሚኒና ማይክሮው አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፣ በግድ ከተገፋም የፊውዝ ቤቱን ከንፈር ይከፍተዋል። የከፈተው ቦታ በኋላ ይግላል፣ ይቀልጣል።

አቅጣጫም አለው። ለሁለቱም ፊውዞች የጋራ የሆነው እግር ኮረንቲው በሚመጣበት ጎን መግባት አለበት። ነባሩን ፊውዝ ንቀሉና ቁልፉ በርቶ ባዶውን ቦታ ለኩ፤ 12 ቮልት የሚያሳየው ጎን የሚመጣበት ነው። ታፑን ካስገባችሁ በኋላ ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ነባሩን ፊውዝ ከታፑ ላይ አውጥታችሁ የናቪጌተሩን ብቻ ተዉ። ናቪጌተሩ ከበራ አቅጣጫው ልክ ነው። ካልበራ ተገልብጧል፤ የናቪጌተሩ ኮረንቲም በነባሩ ፊውዝ ውስጥ እያለፈ ነው ማለት ነው፣ ታፑን አዙሩት።

ለናቪጌተር 2 ወይም 3 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። የሚመጣው ሽቦ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ ለዚህ ጭነት ይተርፋል። 10 አምፔር ማድረግ ጥቅም የለውም፤ ፊውዙ የሚጠብቀው መሣሪያውን ሳይሆን ሽቦውን ነው፣ ቀጭኑ የኮንቨርተር ሽቦ ኮንታክት ቢፈጥር ከ10 አምፔሩ ፊውዝ ቀድሞ ሊቃጠል ይችላል። ኔጌቲቩን ቀለበት ተርሚናል አድርጋችሁ ከመኪናው አካል ጋር በተያያዘ ብሎን ሥር እሰሩት፤ ቀለም ካለ ፋቁት። ከፕላስቲክ ጋር ብቻ የታሰረ ብሎን ኔጌቲቭ አይሰጥም፣ የኤርባግ ክፍሎችን የያዙ ብሎኖችም አይነኩ። መጋጠሚያዎቹ በፒንሳ ተጨምቀው በሙቀት በሚጠብ ቱቦ ይሸፈኑ። ናስትሮ ብቻውን በፀሐይ የጋለ ዳሽቦርድ ሥር ሙጫው ይቀልጥና ይፈታል።

ስለ መጨረሻው ገመድ አንድ ነገር ላንሳ፤ ባትሪን በቀጥታ ባይመለከትም ሰውን ወደ ስህተት ይመራል። አንዳንድ ናቪጌተሮች በተራ የኮምፒውተር ገመድ ሲያያዙ ከኮምፒውተር ጋር የተገናኙ መስሏቸው ካርታውን ትተው ወደ ፋይል ማስተላለፊያ ይገባሉ፤ ወይም ኃይሉ ከቻርጀር መምጣቱን ስለማያውቁ ከግማሽ አምፔር በላይ አይወስዱም፣ እየተነዳ እያለ የውስጥ ባትሪያቸው ይወርዳል። ያኔ ገጣሚው ጥፋቱን መስመሩ ላይ ያደርግና ወደ ቀጥታው መስመር ያዞረዋል። መፍትሔው ግን ለቻርጅ የተሠራውን የመሣሪያውን የራሱን ገመድ መጠቀም ነው።

ተስማሚ ፊውዝ ካልተገኘ ሪሌ አለ፤ በትንሽ ኮረንቲ ታዝዞ ሌላ መስመር የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ ነው፣ እግሮቹም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። 30 ቁጥር ላይ በፊውዝ አልፎ ከባትሪ የሚመጣው ቀጥታ መስመር፣ 86 ላይ በቁልፍ የሚነሳ ሽቦ፣ 85 ላይ ኔጌቲቭ፣ 87 ላይ ወደ ኮንቨርተሩ የሚሄደው። በስህተት ከ87ሀ፣ አምስት እግር ባላቸው ሪሌዎች መሃል ላይ ካለው፣ ከተያዘ ነገሩ ተገልብጦ ናቪጌተሩ መኪናው ሲጠፋ ይበራል። የሪሌው መጠምጠሚያ 150 ሚሊአምፔር ገደማ ይወስዳል፣ ግን ቁልፉ በርቶ እያለ ብቻ ስለሆነ አያሳስብም። ለአንድ ናቪጌተር ብቻ ሪሌ መግጠም ይበዛበታል፤ ካሜራና ሌላ መሣሪያ አብሮ የሚሠራ ከሆነ ግን ዋጋው ይታያል።

ቮልቴጅ ሲወርድ የሚቆርጥ መሣሪያ ይበቃል የሚሉ አሉ። ቆሞ እያለ ለሚቀርጽ ካሜራ ያስፈልጋል፣ ለናቪጌተር ግን ቦታው አይደለም። ባትሪ ሳይሠራ አርፎ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ሲያሳይ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሩቡ ሄዷል፣ 12.2 ግማሽ ላይ ነው፣ 12.0 ሩብ ቀርቶታል። ቆራጩ 11.8 ላይ ከተስተካከለ የሚነቃው ባትሪው ካለቀ በኋላ ነው። 12.2 ላይ ቢሆንም ባትሪው በየጊዜው ግማሽ እየወረደ ይኖራል። የግድ ከተገጠመ ከ12.2 በታች አይስተካከል፣ 12.4 ይሻላል።

ዳሽቦርድ ውስጥ የሚገባው ትልቁ ስክሪን

በሬዲዮው ቦታ የሚገባ አንድሮይድ ናቪጌተር ሁለት ፖዘቲቭ አለው። ቢጫው ሁልጊዜ ኮረንቲ ይፈልጋል፣ ቀዩ በቁልፍ የሚነሳውን። ቀዩ ቁልፉ መዞሩን ነጋሪ ነው፤ እሱ ሲሞት መሣሪያው ይተኛል፣ ቢጫው ማስታወሻውን ይጠብቅለታል። ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ ከቀጥታ መስመር ጋር ማያያዝ ባትሪ ከሚያስጨርሱ ገጠማዎች ዋነኛው ነው፤ መሣሪያው ቁልፍ መጥፋቱን በምንም አያውቅም። ሁለቱንም ከአክሰሰሪ ማያያዝ ባትሪውን ያድናል፣ ግን ስክሪኑ በየጊዜው ከዜሮ ይነሳል፣ ሰዓትና የጣቢያ ምርጫም ሊጠፋ ይችላል። በተወሰኑ የፎልክስዋገንና የኦዲ መኪኖች የሁለቱ መስመሮች ቦታ በሶኬቱ ላይ ተለዋውጦ ይገኛል፤ ስለዚህ በቀለም ሳትታመኑ ለኩ። አዳዲሶቹ ደግሞ በሬዲዮው ሶኬት ላይ በቁልፍ የሚነሳ ሽቦ ጭራሹን የላቸውም፤ ትእዛዙ በመረጃ ሽቦ ነው የሚመጣው። ለእነዚያ ይህን ትእዛዝ የሚተረጉም፣ የመኪናውን ሞዴል የሚያውቅ የካንባስ ሳጥን ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ቀዩ ከፊውዝ ሳጥን ይያዛል።

በትክክል ታስሮም ካልተኛ የተሰኩበትን ነገሮች ተመልከቱ። ዩኤስቢው ላይ ያለ የኢንተርኔት ሞደም፣ ከቀጥታ መስመር የተያዘ የኋላ ካሜራ፣ የማብሪያ ትእዛዝ የሚያደርሰው ሰማያዊና ነጭ ሽቦ ያልጠፋለት የድምፅ አምፕሊፋየር ከሚገኙት ናቸው። በመሣሪያው ቅንብር ውስጥ ከእንቅልፍ ወደ ሙሉ መጥፋት የሚሸጋገርበትን ሰዓት ማሳጠር ከተቻለም አሳጥሩት።

መለካት

ገጠማው ልክ መሆኑ የሚታወቀው በመለኪያ ነው። ባትሪው ሙሉ ይሁን። ኮፋኖውን ክፈቱ፣ የሾፌሩን በር ከፍታችሁ መቆለፊያውን በካቻቪቴ ገፍታችሁ ዝጉት፣ መኪናው በሩ የተዘጋ ይምሰለው። በርቀት የሚሠራ ቁልፍ ከሆነ ብዙ ሜትር አርቁት። መልቲሜትሩን 10 አምፔር ላይ አድርጉ፣ ቀዩንም ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ አዛውሩ። የሚሊአምፔሩን ቀዳዳ ከተጠቀማችሁና አንድ ኮምፒውተር ቢነቃ የመልቲሜትሩ የውስጥ ፊውዝ ይበጠሳል።

ኔጌቲቩን ኬብል ከመፍታት በፊት በባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶና በኬብሉ መካከል በሌላ ሽቦ ድልድይ አድርጉ፣ ከዚያ ኬብሉን ፈትታችሁ መልቲሜትሩን በዚያው መካከል አስገቡ። ድልድዩ ይቆይ። መኪናውን ቆልፉና ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ድልድዩን አንሱ። ኮረንቲው ለአፍታ እንኳ ስላልተቋረጠ ኮምፒውተሮቹ ከእንቅልፍ አይነሱም፣ የሬዲዮ ኮድም አይጠፋም። መልቲሜትሩ በመካከል እያለ ሞተር ለማስነሳት መሞከር አይቻልም፤ ሞተሪኖው ከ100 አምፔር በላይ ይስባል።

ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ የናቪጌተሩን ፊውዝ ንቀሉ። የሁለቱ ልዩነት የናቪጌተሩ ድርሻ ነው፤ ለቁልፍ የሚታዘዝ ገጠማ ከሆነ ልዩነቱ 0 መሆን አለበት። ለትልቁ ስክሪን እስከ 10 ሚሊአምፔር ብዙ አያስጨንቅም፣ ከ20 ካለፈ ግን ሳይተኛ የቀረ ነገር አለ።

ኬብል መፍታት የማይፈልግ ሰው ፊውዙን ሳይነቅል በሚሊቮልት መለካት ይችላል። የሚኒ 10 አምፔር ፊውዝ 7.5 ሚሊኦም ገደማ መቋቋም አለው። ሁለቱን ጫፎች ከፊውዙ ጀርባ ሁለት ነጥቦች ላይ አድርጋችሁ 0.3 ሚሊቮልት ካያችሁ 40 ሚሊአምፔር እያለፈ ነው። የእያንዳንዱ መጠን ፊውዝ መቋቋም የተለያየ ስለሆነ ይህን ቁጥር ለሌላው አትጠቀሙበት፤ ግን የትኛው ፊውዝ ባዶ፣ የትኛው ኮረንቲ እያሳለፈ እንደሆነ በአምስት ደቂቃ ያሳያል።

የናቪጌተሩ ፊውዝ ተነቅሎም ቁጥሩ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ከቀረ የሚበላው ሌላ ነው። የዕቃ መጫኛው መብራት፣ የጓንት ሳጥኑ መብራት፣ የማይተኛ ኮምፒውተር ወይም ዳዮዱ የተበላሸ ዲናሞ ይሆናል፤ ፊውዞቹን አንድ በአንድ በዚያው በሚሊቮልት መንገድ ፈትሹ። የወረደውን ባትሪ ደግሞ በአጫጭር ጉዞ ይሞላል ብላችሁ ለዲናሞው አትተዉት። ግማሽ የወረደ ባትሪ ሙሉ ለመሆን ብዙ ሰዓት ስለሚፈልግ በቻርጀር አንድ ሌሊት ሙሉት፣ ከቻርጀሩ ነቅላችሁም ጥቂት ሰዓት አሳርፋችሁ ለኩ። 12.6 ካልደረሰ ወይም በማግሥቱ ኔጌቲቩ ተፈትቶ እያለ ከ12.4 በታች ከወረደ፣ ያኔ ባትሪው ራሱ ተጎድቷል፣ ይቀየራል።